በኤንኤፍኤል፣ በአሜሪካን ፉትቦል ሊግ፣ የውድድር ዘመን አጋማሽ ላይ ቡድናችሁን እንዴት ትመዝኑታላችሁ?

ዘጠነኛው ሳምንት ሲያልቅ ሁሉም ሰው የሚያየው አንድ ነገር ነው። ስንት አሸነፈ፣ ስንት ተሸነፈ። በቃ። የ7-2 ቡድን ደጋፊ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። የ2-7 ቡድን ደጋፊ ደግሞ ገና በኖቬምበር ስለ ቀጣዩ ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) ማውራት ይጀምራል። እኔ የዲትሮይት ላየንስ ደጋፊ ነኝ። በዚህ ወቅት ተስፋ መቁረጥ ምን እንደሚመስል ከእኛ በላይ የሚያውቅ ብዙ የለም። ለዚህም ነው በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንካራ አቋም ያለኝ። አጋማሹ ላይ የድልና የሽንፈት ቁጥር መጨረሻ ላይ የሚታይ ነገር ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ቡድኑ እንዴት እንዳሸነፈና እንዴት እንደተሸነፈ ነው።

ይህን ለማድረግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ወረቀት፣ የቡድናችሁ ውጤቶች ዝርዝርና አንድ ነፃ ምሽት ይበቃል።

መቼ ይጀመር?

እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ እያንዳንዱ ቡድን በ18 ሳምንት ውስጥ 17 ጨዋታ ያደርጋል። አንዱ ሳምንት እረፍት ነው። 17 ለሁለት እኩል ስለማይከፈል ትክክለኛ አጋማሽ የሚባል ነገር የለም። እኔ የምመርጠው የ9ኛው ሳምንት ጨዋታዎች ካለቁ በኋላ ያለውን ማክሰኞ ነው። በዚያን ጊዜ ሁሉም ቡድን 8 ወይም 9 ጨዋታ አድርጓል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ የተጫዋቾች ዝውውር የሚዘጋው በዚሁ ማክሰኞ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ የምታዩት ስብስብ ጉዳት ካልቀየረው በስተቀር ይብዛም ይነስም እስከ መጨረሻው የሚዘልቀው ነው። በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት የሚሰማውን ጩኸት ብዙም አትቁጠሩት።

ነጥቡን ደምሩ

የመጀመሪያው ሥራ በጣም ቀላል ነው። ቡድናችሁ እስካሁን ያስቆጠረውን ነጥብ ደምሩ። የተቆጠረበትንም ደምሩ። ከዚያ ቀንሱ። ይህ አንድ ቁጥር ስለ ቀሪዎቹ ሳምንታት ከድልና ሽንፈቱ የበለጠ ይነግራችኋል። ምክንያቱም በ3 ነጥብ ያሸነፈና በ30 ነጥብ ያሸነፈ ቡድን ሰንጠረዡ ላይ እኩል ነው የሚጻፍላቸው፤ ሜዳ ላይ ግን እኩል አይደሉም።

ትንሽ ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ ደግሞ ቀመር አለ። ያስቆጠረውን ነጥብ ካልኩሌተር ላይ በ2.37 ፓወር ከፍ አድርጉት። የተቆጠረበትንም እንዲሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ቡድኑ ከጨዋታዎቹ ምን ያህሉን ማሸነፍ ይገባው እንደነበረ ይናገራል። ለምሳሌ በ9 ጨዋታ 250 ነጥብ አስቆጥሮ 200 የተቆጠረበት ቡድን 0.63 ገደማ ይወጣለታል፤ ያ በ9 ሲባዛ 5.7 ድል ነው። እንግዲህ ይህ ቡድን 8-1 ሆኖ ካገኛችሁት ከአቅሙ በላይ ሄዷል ማለት ነው። 4-5 ከሆነ ደግሞ ከሚታየው የተሻለ ቡድን ነው፤ ቀሪውን ዘመን በትዕግሥት ተከታተሉት።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የ2022ቱ ሚነሶታ ቫይኪንግስ ነው። 13-4 ሆነው ዲቪዥናቸውን (አራት ቡድን ያለበትን ምድብ) አሸነፉ። ነገር ግን በመደበኛው ዘመን ያስቆጠሩት 424፣ የተቆጠረባቸው 427 ነበር። 13 ጊዜ ያሸነፈ ቡድን በድምሩ 3 ነጥብ ተበልጧል! በጠበቡ ጨዋታዎች፣ ማለትም በ8 ነጥብና ከዚያ በታች ልዩነት በተጠናቀቁት፣ 11 ለዜሮ ነበሩ። ፕሌይኦፉ (የጥሎ ማለፉ ዙር) ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ፣ ያውም በሜዳቸው፣ በኒው ዮርክ ጃያንትስ 31 ለ 24 ተሸነፉ። በቀጣዩ ዓመት 7-10 ሆኑ። አዎ፣ በ2023 ኳርተርባካቸው (ኳሱን የሚወረውረውና ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ኪርክ ከዝንስ ተጎድቷል። ግን ከመጎዳቱ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተሸንፈው ነበር፤ በ3፣ በ6 እና በ4 ነጥብ። ባለፈው ዓመት ለእነሱ ሲያደላ የነበረው ነገር ፊቱን አዞረባቸው፤ ሌላ ምንም ተአምር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አንድ ትልቅ ውጤት ድምሩን በሙሉ ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ሂሳቡን ሁለት ጊዜ ሥሩት። አንዴ ሁሉንም ጨምራችሁ፣ አንዴ ትልቁን ድልና ትልቁን ሽንፈት አውጥታችሁ። ሁለቱ ቁጥሮች ተመሳሳይ ነገር ከተናገሩ እመኑት። ደግሞም ይህ ቁጥር ፍርድ አይደለም። በ2011 ጃያንትስ 394 አስቆጥረው፣ 400 ተቆጥሮባቸው፣ በ9-7 ፕሌይኦፍ ገብተው ሱፐር ቦውሉን (የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ) ወስደዋል። ከሱፐር ቦውል አሸናፊዎች ሁሉ የመደበኛው ዘመን የነጥብ ልዩነቱ ከዜሮ በታች የነበረ እሱ ብቻ ነው። ይሆናል። ግን አንዴ ብቻ የሆነ ነገር ላይ ተስፋችሁን አትጣሉ።

የጠበቡትን ጨዋታዎች ለዩአቸው

አሁን ወረቀቱ ላይ በ8 ነጥብና ከዚያ በታች የተጠናቀቁትን ጨዋታዎች በሙሉ አክብቡ። 8 የተባለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንድ ታችዳውን (ኳሱን የተቃራኒው ሜዳ ጫፍ ማድረስ) 6 ነጥብ ነው፣ ከሱ በኋላ ያለው የሁለት ነጥብ ሙከራ ሲደመር 8 ነው። በአንድ ማጥቃት ሊመለስ የሚችል ልዩነት ማለት ነው። እነዚህ ጨዋታዎች በአንድ ፊሽካ፣ በአንድ ምት፣ በአንድ ጣት ጫፍ የሚወሰኑ ናቸው።

ኖቬምበር 10 ቀን 2024 ካንሳስ ሲቲ ላይ የሆነውን አስታውሱ። ቺፍስ ዴንቨር ብሮንኮስን 16 ለ 14 እየመራ ነው። ዴንቨር ኳሱን ይዞ ሰዓቱን እያቃጠለ፣ እያቃጠለ ወደ ፊት መጣ። የቀረው የ35 ያርድ ፊልድ ጎል (ኳሱን በእግር መትቶ በምሰሶዎቹ መሐል ማሳለፍ፣ 3 ነጥብ) ብቻ ነው። በዚህ ሊግ የ35 ያርድ ምት ማለት አብዛኛው መቺ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያገባው ነው። ዊል ለትዝ መታ። ሊዮ ቼናል ሰንጥቆ ገብቶ በእጁ መለሰው። ጨዋታው አለቀ። ቺፍስ 9-0 ሆነ። ያ እጅ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ 8-1 ነበሩ፤ ቡድኑ ግን ያው ራሱ ቡድን ነው። ያን ዓመት ቺፍስ እንደዚህ እየተንጠለጠለ 15-2 ጨረሰና ሱፐር ቦውል ላይ በፊላደልፊያ ኢግልስ 40 ለ 22 ተመታ።

የቺፍሱን ፓትሪክ ማሆምስን የመሰለ ኳርተርባክ ያለው ቡድን በጠበቡ ጨዋታዎች ከሌላው ትንሽ የተሻለ ዕድል አለው ብዬ አምናለሁ። ሁለት ደቂቃ ሲቀር ማን ኳሱን እንዲይዝላችሁ ትፈልጋላችሁ ቢባል መልሱ የታወቀ ነው። ግን ትንሽ ነው ያልኩት። ሁልጊዜ ማሸነፍ የሚችል የለም።

ኢግልስ ራሱ በ2023 ይህን በደንብ አሳይቶናል። 10-1 ጀመሩ። ሁሉም ሰው ዋንጫውን እያሰበላቸው ነበር። ከ10ሩ ድሎች ግን 7ቱ በ8 ነጥብ ወይም ከዚያ በታች ነበሩ። ከዚያ ሳን ፍራንሲስኮ መጥቶ 42 ለ 19 አሸነፋቸው። ከቀሩት 6 ጨዋታዎች 5ቱን ተሸንፈው 11-6 ጨረሱ፣ ፕሌይኦፍ ላይም በታምፓ ቤይ 32 ለ 9 ተሸኙ። በኖቬምበር መጨረሻ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ የተቀመጠ ደጋፊ ቢያንስ ወገቡን ጠበቅ አድርጎ ይጠብቅ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ወደ ዲትሮይቶች። 2022፣ የኦክቶበር መጨረሻ፣ 1-6። ሰዎች አሰልጣኙ ዳን ካምቤል ይባረር ይሉ ነበር። ስድስቱን ሽንፈቶች ግን አንድ በአንድ እዩአቸው። ኢግልስ 38 ለ 35። ቫይኪንግስ 28 ለ 24። ሲያትል 48 ለ 45። ማያሚ 31 ለ 27። ከስድስቱ አራቱ በ4 ነጥብና ከዚያ በታች ናቸው። የቀሩት ሁለቱ መጥፎ ነበሩ፤ ኒው ኢንግላንድ 29 ለ 0፣ ዳላስ 24 ለ 6። ቀመሩ በ7 ጨዋታ ለላየንስ 2 ድል ተኩል ገደማ ይሰጠው ነበር። ጥሩ ቡድን ነው አላለም። 1-6 ግን አይደለም ብሏል። ማጥቃቱ እሳት፣ መከላከሉ ወንፊት ነበር። መከላከሉ ትንሽ ሲሻሻልና ጠባቦቹ ጨዋታዎች እየተቀያየሩ ሲመጡ ከቀሩት 10 ጨዋታዎች 8ቱን አሸንፈው 9-8 ጨረሱ። በቀጣዩ ዓመት 12-5 ሆነው እስከ ኤንኤፍሲ (ሊጉ ከሚከፈልባቸው ሁለት ኮንፈረንሶች የአንዱ) ፍጻሜ ሄዱ።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ቡድናችሁ በጠበቡ ጨዋታዎች 5-0 ወይም 0-5 ከሆነ፣ በሁለተኛው አጋማሽ ወደ መሐል ይመለሳል ብላችሁ ጠብቁ።

የተነጠቁና የተገኙ ኳሶች

ኳስ መነጠቅ ጨዋታን ይወስናል፤ ይህን ማንም ያውቃል። ብዙ ሰው የሚያልፈው ግን የትኛው ችሎታ እንደሆነና የትኛው አጋጣሚ እንደሆነ መለየቱን ነው። ተከላካይ ኳስ ከሯጭ እጅ መትቶ ማስጣሉ ችሎታ ነው። ኳሷ መሬት ከነካች በኋላ ማን ላይ እንደምትወድቅ ግን ማንም አያውቅም። ሞላላ ናት፤ ወዴት እንደምትነጥር እሷም አታውቅ። በረጅም ጊዜ ሲታይ ግማሽ በግማሽ ገደማ ነው የሚከፈለው። ቡድናችሁ በግማሽ ዘመን ከወደቁት ኳሶች አብዛኛውን አንስቶ ከሆነ ያ በሁለተኛው አጋማሽ የሚቀጥል ነገር አይደለም።

ኢንተርሴፕሽን (የተወረወረውን ኳስ ተቃራኒው ሲይዘው) ይለያል። እዚህ የኳርተርባኩ እጅ አለበት። ቅንጭብ ቪዲዮዎቹን ፈልጋችሁ እያንዳንዱን እዩ። ኳሱ የራሱ ተጫዋች እጅ ላይ ነጥሮ ነው የተነጠቀው? ያ አጋጣሚ ነው፤ እለፉት። ሦስት ሰው ወደ ከበበው ተቀባይ ነው የወረወረው? ያ ልማድ ነው፤ ይደገማል። የኛው ጃሬድ ጎፍ በ2022 ከ9ኛው ሳምንት በኋላ እስከ መደበኛው ዘመን መጨረሻ አንድም ኢንተርሴፕሽን አልወረወረም። ከላይ ላነሳሁት ለውጥ ከሁሉም በላይ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው እላለሁ።

ጠቅላላ ያርድ የሚባለውን ቁጥር ብዙ አትመልከቱ። የተሸነፈ ቡድን በመጨረሻው ሩብ እየወረወረ ያርድ ያከማቻል፤ መከላከሉ ደግሞ ሆን ብሎ ይለቅለታል። ለአንድ ሙከራ በአማካይ ስንት ያርድ ያገኛል የሚለው ይሻላል።

ከማን ጋር ተጫወተ?

የ17ቱ ጨዋታዎች አመዳደብ እንደ ዕጣ የወጣ አይደለም። 6ቱ ከዲቪዥን ተቀናቃኞች ጋር በደርሶ መልስ ናቸው። 4ቱ ከራስ ኮንፈረንስ ካለ አንድ ሌላ ዲቪዥን ጋር፣ 4ቱ ከሌላው ኮንፈረንስ አንድ ዲቪዥን ጋር። የቀሩት 3ቱ ባለፈው ዓመት በዲቪዥናቸው ተመሳሳይ ደረጃ ላይ ከጨረሱ ቡድኖች ጋር ናቸው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣ ቡድን ቀለል ያሉ ሦስት ጨዋታዎች ሊያገኝ ይችላል፤ የአንደኛው ደግሞ በተቃራኒው።

እናንተ የምትጠይቁት ሁለት ጥያቄ ነው። የተሸነፉላችሁ ቡድኖች አሁን የት ናቸው? በዚያን ቀን ኳርተርባካቸው ማን ነበር? ሁለተኛው ጥያቄ በጣም ወሳኝ ነው። ጠንካራ ቡድንን አሸነፍን ትላላችሁ፤ መለስ ብላችሁ ስታዩ ያን ሳምንት የተጫወተው ተጠባባቂው ኳርተርባክ ነው። ያን ድል ወረቀቱ ላይ በግማሽ ቁጠሩት። በሌላ በኩል በሴፕቴምበር ያሸነፋችሁት ደካማ የሚመስል ቡድን አሁን ተከታታይ ድል ላይ ከሆነ ዋጋውን ከፍ አድርጉለት። ከዚያ የቀሩትን ጨዋታዎች በተመሳሳይ መንገድ ቃኙ፤ በተለይ ከዲቪዥን ተቀናቃኞች ጋር ስንት እንደቀረ።

አንድ ጨዋታ ኳሱን ሳትከተሉ እዩ

ቁጥሩ እዚህ ያበቃል። አሁን ዓይናችሁን ተጠቀሙ። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው፤ ደግሞም ብዙ ደጋፊ የማያደርገው ነው።

ቡድናችሁ በቅርብ ካደረጋቸው ጨዋታዎች አንዱን ምረጡ። ከቻላችሁ ውጤቱ የጠበበውን። ውጤቱን ስለምታውቁት ልባችሁ አይንጠለጠልም፤ ዓይናችሁ ነፃ ይሆናል። ለመጀመሪያው ሩብ ኳሱን አትከተሉ። ኳሱ ሲነሳ ከኳርተርባኩ ፊት የተደረደሩትን አምስት ሰዎች፣ ኦፌንሲቭ ላይኑን፣ ብቻ እዩ። ኳርተርባኩ ኳሱን ከያዘበት ቅጽበት ጀምሮ በልባችሁ ሁለት ሰከንድ ተኩል ቁጠሩ። ያን ያህል ጊዜ ግድግዳው ሳይፈርስ ከቆመ ሥራቸውን ሠርተዋል። በአንድ ሰከንድ ተኩል ውስጥ ሰው ኳርተርባኩ እግር ሥር ከደረሰ ችግሩ ኳርተርባኩ አይደለም፣ ሕዝቡ ምንም ቢል። ከዚያ ማን እንደሚሸነፍ ለዩ። ግራው ታክል (የመስመሩ ጫፍ ላይ ያለው) ነው? መሐል ያለው ሴንተር? አንድ ሰው ብቻ ከሆነ አሰልጣኙ ታይት ኤንዱን (ኳስ መቀበልም መከላከልም የሚችለውን ተጫዋች) አጠገቡ አቁሞ ሊደግፈው ይችላል። ሦስት ሰው ከሆነ ግን እስከ ጃንዋሪ የሚስተካከል አይመስለኝም።

ለሁለተኛው ሩብ ሦስተኛ ዳውን (10 ያርድ ለመሄድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች ሦስተኛው) ላይ ብቻ አተኩሩ። ስንት ያርድ ሲቀር ነው የሚደርሱበት? ሦስተኛ ዳውን ላይ 2 ያርድ የቀረው ቡድን ሊሮጥም ሊወረውርም ይችላል፤ ተከላካዩ አያውቅም። 9 ያርድ የቀረው ግን ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ተቃራኒውም ያውቃል፣ እናም ተከላካዮቹ ወደ ኳርተርባኩ እየተሯሯጡ ይመጣሉ። ሦስተኛ ዳውን ላይ ከሩቅ እየወረወሩ ብዙ ጊዜ የተሳካላቸው ቡድኖች ሲያጋጥሟችሁ ተጠንቀቁ። ማየት ደስ ይላል፣ ግን አይዘልቅም። ዘላቂው ቡድን በመጀመሪያና በሁለተኛ ዳውን ሥራውን ቀድሞ የሚጨርሰው ነው።

ከእረፍት በኋላ ደግሞ አሰልጣኞቹን እዩ። የጨዋታው የመጀመሪያ ማጥቃት ብዙውን ጊዜ በሳምንቱ ውስጥ ተጽፎ የተለማመዱት ነው፤ ጥሩ ቢመስል አይግረማችሁ። ጥያቄው ተቃራኒው ከነቃባቸው በኋላ ሌላ ነገር አላቸው ወይ የሚለው ነው። በሦስተኛው ሩብ ያንኑ የሩጫ ዓይነት ወደዚያው አቅጣጫ ደጋግመው ከሞከሩና በ1 ያርድ ከተመለሱ፣ የማጥቃት አሰልጣኙ ሐሳቡ አልቆበታል። በሌላ በኩል በመጀመሪያው አጋማሽ ያላየነው አሰላለፍ ይዘው ከመጡ ያ ትልቅ ተስፋ ነው። በእኔ ግምት ከ9ኛው ሳምንት በኋላ ቡድኖችን የሚለየው ይህ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም የሁሉንም ቪዲዮ አይቶ ጨርሷል።

ጉዳት

የጉዳት ዝርዝር ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ይወጣል፤ ይህ እሁድ ለሚጫወቱት ነው። ልምምድ ሙሉ በሙሉ የሠራ፣ በከፊል የሠራና ያልሠራ ብለው ይለዩታል። ረቡዕ ያልሠራ አንጋፋ ተጫዋች ብዙ አያስጨንቃችሁ፤ ብዙዎቹን ያሳርፏቸዋል። ዓርብ ያልሠራ ከሆነ ግን አሳሳቢ ነው። ኢንጀርድ ሪዘርቭ የሚባለው ላይ የገባ ተጫዋች ቢያንስ 4 ጨዋታ ያልፈዋል። በአጋማሹ ላይ እዚያ ዝርዝር ላይ ያሉትን አውጥታችሁ መቼ ሊመለሱ እንደሚችሉ ከቀሩት ጨዋታዎች ጎን ጻፉ። አንዳንዴ ትልቁ ዝውውር ከራስ ሐኪም ቤት የሚመለሰው ሰው ነው።

ስም ያለው ተጫዋች ተጎዳ ብሎ ዘመኑ አለቀ ማለትም አይደለም። በ2017 ኢግልስ ግራ ታክሉን ጄሰን ፒተርስን በኦክቶበር አጣ። በዲሴምበር ደግሞ ኳርተርባኩን ካርሰን ዌንትዝን። ተጠባባቂው ኒክ ፎልስ ገብቶ ኒው ኢንግላንድን 41 ለ 33 አሸንፎ ሱፐር ቦውሉን ወሰደ። ያ የሆነው ከሁለቱም በኩል ያለው መስመር ጠንካራ ስለነበር ነው። ስለዚህ ኳርተርባክ ሲጎዳ ቶሎ ብላችሁ ማየት ያለባችሁ ከፊቱ ያሉትን አምስቱን ነው።

ዝውውሩ ምን ይነግራል?

ዝውውር ሲዘጋ ክለባችሁ ስለ ራሱ ምን እንደሚያስብ ይገለጣል። የድራፍት ምርጫ ከፍሎ ተጫዋች ያመጣ አሁን እናሸንፋለን እያለ ነው። ተጫዋች የሸጠ ደግሞ ዘንድሮ አይደለም እያለ ነው። ይህ ግን የክለቡ ግምት እንጂ እውነታው አይደለም። ላየንስ በ2022 በ1-6 ላይ ሳለ ታይት ኤንዱን ቲ. ጄ. ሆከንሰንን ለቫይኪንግስ ሸጠ። ያውም ለዲቪዥን ተቀናቃኝ! ቀሪውን ደግሞ ከላይ ነግሬያችኋለሁ፤ 8-2።

ውጤቱንም ወዲያው አትጠብቁ። ሎስ አንጀለስ ራምስ በኖቬምበር 2021 መጀመሪያ ቮን ሚለርን አመጣ፤ በዚያ ወር ያደረጋቸውን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። በፌብሩዋሪ ሱፐር ቦውሉ የእነሱ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮም በ2022 ክርስቲያን መካፍሪን ባመጣ በቀናት ውስጥ በካንሳስ ሲቲ 44 ለ 23 ተመታና 3-4 ሆነ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን 10 የመደበኛ ዘመን ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። አዲስ ሰው ለመላመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ በተለይ ማጥቃቱ ላይ፣ የጨዋታውን ቋንቋ በሙሉ እንደገና ስለሚማር።

ለፕሌይኦፍ ሂሳብ፣ ለማን እንደምትደግፉም ጭምር

ከእያንዳንዱ ኮንፈረንስ 7 ቡድን ይገባል። 4ቱ የዲቪዥን አሸናፊዎች ናቸው፣ 3ቱ ዋይልድ ካርድ (ዲቪዥናቸውን ሳያሸንፉ በውጤታቸው የሚገቡ)። የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያርፈው አንደኛው ብቻ ነው። የዲቪዥን አሸናፊ ውጤቱ ምንም ቢሆን ይገባል፤ ሲያትል በ2010 በ7-9 ገብቶ ኒው ኦርሊንስን 41 ለ 36 አሸንፏል። ስለዚህ መጀመሪያ የምታዩት የዲቪዥናችሁን መሪ ነው። ደካማ ዲቪዥን ውስጥ ያለ የ4-5 ቡድን ጠንካራ ዲቪዥን ውስጥ ካለ የ6-3 ቡድን የተሻለ መንገድ ሊኖረው ይችላል።

ሁለት ቡድኖች በዋይልድ ካርድ እኩል ሲሆኑ መጀመሪያ የሚታየው እርስ በርስ ያደረጉት ጨዋታ ነው፤ ከተጫወቱ። ካልተጫወቱ በኮንፈረንሱ ውስጥ ያላቸው ውጤት ይታያል። በዲቪዥን ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከእርስ በርስ ቀጥሎ የዲቪዥኑ ውጤት ይመጣል። ይህን እኛ በደንብ ተምረነዋል። በ2022 የመጨረሻ ቀን ላየንስና ሲያትል ለአንድ ቦታ ተፋጠጡ። ሲያትል ከሰዓት በኋላ ራምስን በተጨማሪ ሰዓት 19 ለ 16 አሸነፈ፣ 9-8 ሆነ። ላየንስ ማታ ግሪን ቤይ ላይ ቢያሸንፍ እሱም 9-8 ነው። ግን ያ በኦክቶበር መጀመሪያ በሜዳችን የተሸነፍነው 48 ለ 45 እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀን ነበር። እርስ በርስ ሲያትል ይበልጣል፤ ስለዚህ ጨዋታው ሳይጀመር ወጥተናል። ልጆቹ ግን ገብተው ፓከርስን 20 ለ 16 አሸንፈው እነሱንም አስወጧቸው። ያን ምሽት ገና ሳስበው ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ወረቀታችሁ ላይ ከቡድናችሁ አንድ ወይም ሁለት ድል ከፍና ዝቅ ያሉትን የኮንፈረንሱን ቡድኖች ጻፉ። ከእያንዳንዳቸው አጠገብ አሸንፋችኋቸው እንደሆነ፣ ተሸንፋችሁላቸው እንደሆነ ወይም ገና እንደምትገናኙ ምልክት አድርጉ። ከዚህ በኋላ በየሳምንቱ ለማን እንደምትጮኹ ወረቀቱ ይነግራችኋል። ተቀናቃኛችሁ ከሌላው ኮንፈረንስ ቡድን ጋር ከተጫወተ ለእንግዳው ኮንፈረንስ ደግፉ። ሁለት ተቀናቃኞቻችሁ እርስ በርስ ከተገናኙ ደግሞ እናንተ ያሸነፋችሁት ያሸንፍ፤ እኩል ብትሆኑ ትበልጡታላችሁ። መውደቅ ያለበት እናንተን ያሸነፈው ነው። ከቡድናችሁ ቀሪ ጨዋታዎች ውስጥ የሌላው ኮንፈረንስ ቡድኖችን ለዩአቸው፤ እዚያ መሸነፍ ካለ ጉዳቱ ትንሹ ነው። የራስ ኮንፈረንስ ተቀናቃኝ ጋር ያለውን ቀን ግን በቀይ አክብቡትና ለዚያ ቀን ሌላ ቀጠሮ አትያዙ።